ሳንቆፍር ያስማልንበት ድንበር

ይህ የምጽፈው ነገር ከደረሰ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ቦታው ከአምበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ የእኛ ቀበሌ ነው። ያልረሳሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከዚያ ወዲህ ሰዎች ስለ እኔ «አያ ጓዴ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል። ሁለተኛው፣ የአንዲት ሴት ስም እስከ ዛሬ በአገሩ በክፉ ይነሳል። እሳቸው መጻፍ አይችሉም። እኔ እችላለሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ ከቆሎ ተማሪነት የተመለሰ አጎቴ ነው። የቀረውን የተማርኩት ሳሙናና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ጀምሮ በእጄ የገባውን ሁሉ እያነበብኩ ነው። ስድስት ልጆች አሳድጌአለሁ። በቤቴ ሳይጸለይ እህል አይቀመስም። የዋሸ ልጅ ምሳውን አያገኝም ነበር፤ የደገመ ደግሞ ቀበቶዬን ያውቃታል።

በማኅበርም ሆነ በለቅሶ ቤት ሰው ፊት ቆሜ የምናገረው አንድ ነገር ነበር። ሕግ የሚደርሰው የሰው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ማንም በማያይበት ቦታ ሰውን ከሌብነትና ከግፍ የሚያቆመው ፈጣሪውን መፍራቱ ብቻ ነው። ይህ ፍርሃት ከጠፋ አገር ቆማ ብትታይም የቆመች አይደለችም እል ነበር። ይህን ሐሳብ ዛሬም ውሸት ነው አልልም። የማዝነው ግን የተናገርኩት ትክክል ሆኖ ሳለ እኔ ያደረግሁት ሌላ ስለሆነ ነው።

ጌትነት የበኩር ልጄ ነው። ሲያገባ በሚስቱ በኩል ወንዝ ዳር አንድ ማሳ ደረሰው። የማሳው አዋሳኝ ወይዘሮ ያልጋነሽ የሚባሉ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የሚሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ሉማሜ አግብታ እዚያው ሻይ ቤት ከፍታለች። መሬታቸው አብዛኛው ዳገት ላይ ስለሆነ ለእኩል አራሽ ሰጥተውታል። ለራሳቸው ያስቀሩት ከጌትነት ማሳ ጎን ወንዙን የምትነካ አንዲት ቁራጭ ነበረች። ወርዷ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። በበጋ ውሃ እየጠለፉ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ያበቅሉባት ነበር። ገበያ ይዘው የሚወጡት ከእሷ የተገኘውን ነው። በእርጅናቸው የሚኖሩት በዚያች ቁራጭ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ክረምት ታመው ልጃቸው ዘንድ ሉማሜ ከረሙ። ተመልሰው ሲመጡ ቁራጯ ታርሳለች። የድንበሩ ድንጋይም ስምንት እርምጃ ወደ እሳቸው ገብቶ ተተክሏል። ጌትነትን ቢጠይቁት ድንጋዩ ከጥንትም ያለው እዚያ ነው አላቸው። ቁራጯ የአማቱ እንደ ነበረች፣ አማቱ ባሏ የሞተባት ናት ብሎ በቸርነት እንዳሳረሳቸው፣ እሱ ግን አሁን ቤተሰብ እያፈራ ስለሆነ እንደሚፈልጋት ነገራቸው። አማቱ ሞቷል፤ የሚጠየቅ የለም።

ሌላ ዘመን ቢሆን ነገሩ ወረዳ ደርሶ በሜትር ይለካ ነበር። በእኛ ዘመን ግን ጸጥታው ስለ ደፈረሰ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ቢሮ ተሂዶም ሰው አይገኝም። የመሬት ደብተሩ «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት» ይላል እንጂ እገሌ የት ላይ እንደሚያበቃ አይናገርም። ስለዚህ ሁሉ ነገር ወደ ሽማግሌ ተመልሷል። ሽማግሌው የሚይዘው ምስክር ሲያጣ ደግሞ ያለው መሐላ ብቻ ነው።

የድንጋዩን ቦታ የሚያውቁ ጎረቤቶች አልነበሩም ብዬ አልዋሽም። ነበሩ። ተጠርተው «እኛ ልብ አላልንም» አሉ። የዚያን ጊዜ አምኛቸው ነበር። አሁን ሳስበው ከእኔ ልጅ ጋር መጣላት ስላልፈለጉ ነው።

የቀበሌው ዋና ሽማግሌ እኔ ነበርኩ። የልጄ ጉዳይ ስለሆነ አልዳኝም አልኩ፤ ሰዎችም ለዚህ አመሰገኑኝ። ከዳኝነቱ ወጣሁ እንጂ ከቦታው ግን አልወጣሁም። በየካቲት ወር አንድ ቀን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ካለው ወይራ ሥር ሦስቱ ሽማግሌዎችና ቄሰ ገበዙ ሲቀመጡ እኔም ከአጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ደሴ ነበር። ቀልድ ሳይጨምር የማይናገር ሰው ነው። መሬት በተደለደለ ጊዜ ከድንበር ድንጋይ ሥር ከሰል ይቀበር እንደ ነበር አስታወሰን። ድንጋይ ይነሳል፤ ከሰል ግን አይበሰብስም፣ አይበቅልም፣ ከብት አይበላውም። ሁለት ቦታ ቆፈር ብናደርግ ከምሳ በፊት ሁላችንም ቤታችን ነን አለ።

«ጌትነት ዶማ ከሌለው የእኔን አውሰዋለሁ» ብሎ ጨመረ። «እጀታዋ ብቻ ነው ትንሽ የላላችው፤ እንደ ባለቤቷ።»

ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«የእግዚአብሔር ስም እያለ ሰው እውነትን በዶማ የሚፈልግ ከሆነ ይህን ቤተ ክርስቲያን ለምን ሠራነው?» አልኩ።

ሳቁ ወዲያው ቆመ። ቄሰ ገበዙ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ደሴ መሬቱን በብትሩ ጫር ጫር አደረገ። ነገሩ በዚያ ንግግር ወደ መሐላ ዞረ።

ያን ቃል የተናገርኩት ከእምነት ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን ግን ራሴን ስጠይቅ እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት በልቤ ውስጥ አንድ ቦታ ቢቆፈር የሚወጣውን ፈርቼው ይሆናል። ይህን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ እኔ አላውቀውም።

የእኛ ልማድ ይህ ነው። መሐላው መጀመሪያ ለከሳሽ ይሰጣል። ከሳሹ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በር ይዞ፣ «ሐሰት ተናግሬ እንደሆነ ይህ በር ይዘጋብኝ፤ ዘሬ አይብቀል» ብሎ በሩን ይዘጋል። ከማለ ይወስዳል። አልምልም ካለ ይረታል፤ ነገሩም ያልቃል። እውነት ያለው ሰው መማል ለምን ይፈራል? እንዲህ ነበር የምናስበው።

ወይዘሮ ያልጋነሽ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። እጃቸውን ዘርግተው እንጨቱን ሳይነኩት ብዙ ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው መለሱት።

«አልምልም» አሉ።

ቁራጯ የእርስዎ አይደለችም ማለት ነው ወይ ተብለው ተጠየቁ።

«የእኔ ናት። ለአፈር ብዬ ግን ስሙን አልጠራም። ባለቤቴ በእውነትም ቢሆን እንዳትምይ ብሎኝ ነው የሞተው።»

ከኋላ ከቆሙት ሰዎች መካከል «ፈራች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔም በልቤ እንደዚያው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ቁራጯ ለጌትነት መሆኗን ተናገሩ። የዚያን ጊዜ ወይዘሮ ያልጋነሽ ሽማግሌዎቹን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አያ ጓዴ፣ ይውሰዳት። ልጁን ግን አታስምሉት። ነገሩ አልቋል።»

እውነታቸውን ነበር። በልማዱ መሠረት ጌትነት መማል አያስፈልገውም ነበር። እሳቸው ከለቀቁ በኋላ የሚቀር ነገር የለም። በዚያ ብተወው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ግማሹን ነበር።

እኔ ግን የሰው ወሬ አሳሰበኝ። ነገ «የሽማግሌው ልጅ ስለሆነ ሳይምል ወሰደ» እንዳይባል ፈለግሁ። ስሜ ከነቀፋ የጠራ እንዲሆን ፈለግሁ። ስለዚህ ጌትነትን ጠራሁት።

«ተነሥና ማል። የእኔ ልጅ የሰው ነገር በነጻ አይወስድም።»

ተነሣ። በሩን ከመያዙ በፊት መዳፉን በሱሪው ጠረገ። ያን አይቻለሁ፤ ከፀሐዩ ነው ብዬ አለፍኩት። በሩን ያዘ፣ ቃሉን ሳያዛንፍ ተናገረ፣ ዘጋው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ወይዘሮ ያልጋነሽ እሱ ሲናገር ጀርባቸውን ሰጥተው ሁለቱን ጆሮዎቻቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበር። እኔ ይህን ከሐፍረት ቆጠርኩት። በልጄ ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን መጻፍ ይከብደኛል፤ ነገር ግን ካልጻፍኩት የቀረው ትርጉም የለውም። ነገሩን መማሪያ አደረግሁት። በማኅበር ላይ ተነሥቼ ስም ሳልጠራ፣ ሁሉም ግን ማንን እንደምል እያወቀ፣ «አያችሁ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ባለበት አገር ውሸታም አፉ ይያዛል፤ በሩን መንካት እንኳን ያቅተዋል» እያልኩ አስተማርኩ። ወይዘሮ ያልጋነሽ ያን ማኅበር ይጠጡ ነበር። አንድ ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰምተውኛል። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

ውሃ የሌለው ዳገት አላኖራቸውም። ክረምቱ ሳይገባ ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ዘንድ ሉማሜ ሄዱ። ሰው «ለመማል የፈራችው» ይላቸዋል። ልጆች እንኳን የዘጉትን ቤት «የፈሪዋ ቤት» ይሉታል።

ያን ዓመት ጌትነት ወንዝ ዳሯን ከነቁራጯ ስንዴ ዘራባት። በአካባቢው እንደዚያ ያለ ስንዴ አልታየም። እኔም ሳየው የመሐላው በረከት ነው አልኩ።

ዓመት አልፎ ግንቦት መጣ። የጌትነት ሚስት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነበር። እርግዝናው አስቸግሯት ስለ ነበር አስቀድመው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ጌትነትም አብሯት ሰነበተ። በመካከሉ ጥሩ ዝናብ ጣለ። መሬቱ ሳይደርቅ ልረስለት ብዬ በሬዎቹን ጠምጄ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ያን ማሳ በእጄ ሳርሰው የመጀመሪያዬ ነበር።

ረፋድ ላይ ቁራጯ ዘንድ ደረስኩ። ዝናቡ አፈሩን አለስልሶት ስለ ነበር ማረሻው ጠለቅ ብሎ ገባና አንድ ጥቁር ነገር ገልብጦ አለፈ። የተቃጠለ ጉቶ መሰለኝ። በሚቀጥለው ትልም ስመለስ እንደገና ወጣ። በሬዎቹን አቆምኩና ጎንበስ ብዬ በእጄ ጫርኩት። ቡጢ ቡጢ የሚያህል ከሰል ነው፤ አንድ ላይ ተከማችቶ ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖበታል። ሰው ያስቀመጠው ነው።

እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። ከዚያ ተነሥቼ ማረሻውን ነቀልኩና በቀጥታ መስመር ወደ ላይ ሄድኩ። የማሳው ሌላኛው ጫፍ ላይ ስደርስ በማረሻው ጫፍ ቆፈርኩ። ከአንድ ክንድ ሳይጠልቅ ሌላ ከሰል ወጣ። በእርምጃዬ ለካሁት። ከአሁኑ ድንጋይ እስከዚያ ስምንት እርምጃ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ልጄ የማለበትን ድንጋይ ገለበጥኩት። ከሥሩ ከሰል የለም። የነበረው የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ነው፤ ጽሑፉ ገና ይነበባል።

በሬዎቹን ፈታኋቸው። ፀሐይ ገና ሰማይ መካከል ነበረች፤ እኔ ግን ትልሙ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ስለ ወይዘሮ ያልጋነሽ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። የመጣብኝ «ዘሬ አይብቀል» የሚለው ቃል ነው። ምራቴ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነች። ቃሉን ያስባልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከከሰሉ አንዱን በመሐረብ ቋጥሬ ከአምበር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ጸሎት አላቋረጥኩም። ደርሼ የሆስፒታሉን ኮሪደር ስገባ ጌትነት እየሳቀ ወደ እኔ ሮጠ። ሌሊቱን ወልዳለች፤ ወንድ ልጅ ነው፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው አለኝ። ሕፃኑን አቀፍኩት። ክብደት ያለው፣ ጠጉራም፣ ድምፁ ኃይለኛ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረድብኝ። ደስ አለኝ፤ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። በውስጤ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማኝ። እንዲህ ያለ መሐላ ተምሎ ምንም አይሆንም ማለት ነው? የሚል ነገር መጣብኝ። የገዛ የልጅ ልጄን ጤና እያየሁ ቅጣቱ የት አለ ብዬ እንደ ፈለግሁ አወቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጸልየው ጸሎት ከአፌ ይወጣል እንጂ ከየት እንደሚነሣ አላውቅም።

ጌትነትን ወደ ውጭ ጠርቼ ከአጥሩ ሥር መሐረቡን ፈታሁለት። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ትንሽ አይቶት ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ወንዝ ዳሯን አረሷት እንዴ?» አለ።

«ምለሃል» አልኩት።

«ያስማሉኝ እርስዎ ነዎት፣ አባዬ። ሴትዮዋ ይቅር ብላ ነበር።»

እሱ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አንድ ቀን ሲያርስ በሬዎቹ ድንጋዩን ነቀሉት። መልሶ ሲተክለው አንድ እርምጃ አስገባው፤ ማንም አላየም። ሴትዮዋ ሉማሜ ሲከርሙ ደግሞ የቀረውን ጨመረ። ለሽማግሌ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። ከደረሰ በኋላ ደግሞ እውነቱን በእኔ ፊት መናገር አልቻለም።

እግዚአብሔርን አትፈራም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የመለሰልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈራው እርስዎን ነው። ያን ቀንም በሩን ስይዝ የፈራሁት እርስዎን ነበር። እሱ ምን አደረገኝ? ስንዴው በቀለ። ልጁም ይኸው ተወለደ።»

በንቀት አልተናገረም። በቁጣም አይደለም። ሰው ያየውን ሲያስረዳ እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ቁራጯን እንዲመልስ አዘዝኩት። «ሽማግሌ የፈረደውን እኔ ምን አደርጋለሁ? ሽማግሌ ያፍርሰው» አለኝ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ። ከሰሉን ከፊታቸው አስቀመጥኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። አያ ደሴ ይስቅብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀም።

«ዶማዬ እኮ አሁንም አለች» አለኝ ብቻ፣ ቀስ ብሎ።

ሌሎቹና ቄሰ ገበዙ ብዙ ተመካከሩ። በመጨረሻ ነገሩ እዚሁ ይቅር አሉ። ምክንያታቸውን ሲነግሩኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በዚህ ዘመን ዳኛ የለ፣ ፖሊስ የለ። ሰውን ከሰው የሚያኖረው ያ በር ብቻ ነው። አንድ ሰው በዚያ በር በሐሰት ምሎ ምንም እንዳልሆነ ከታወቀ ነገ ሁሉም እየመጣ ይምላል፤ ወይም ማንም መሐላን አምኖ አይለቅም። የአንዲትን ሴት ቁራጭ እንመልስ ብለን የሕዝቡን ፈሪሃ እግዚአብሔር እናፍርስ ወይ? አሉኝ።

ልከራከራቸው ፈለግሁ። ግን የሚናገሩት የእኔን ንግግር ነው። ለዓመታት በማኅበሩ ላይ ቆሜ ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔር የአገር መሠረት ነው ብያቸው ነበር። እነሱም መሠረቱ እንዳይነቃነቅ ከሥሩ ውሸት ይቀበር አሉ። ከሰሉን መልሼ በመሐረቤ ቋጠርኩት።

በሰኔ መጀመሪያ መንገዱ ሲከፈት ሉማሜ ሄድኩ። ሻይ ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ወይዘሮ ያልጋነሽ ከጓሮ በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየዳሰሱ ምስር ይለቅማሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ማን እንደሆንኩ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ከመቀመጫቸው ሊነሡልኝ ሞከሩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የደበቅሁት የለም። ከሰሉን በመዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ደጋግመው ዳሰሱት።

«ባለቤቴ ነው የቀበረው» አሉ። «ከምድጃ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ትኩስ ስለ ነበር በቅጠል ይዞት ሄደ።»

እንግዲያው ያውቁ ነበር። ያን ቀን ለምን ቆፍሩልኝ አላሉም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አያ ደሴ ቆፍሩ ሲል ደስ ብሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ለምን ሠራነው አሉ። ከዚያ በኋላ ቆፍሩልኝ ብል እምነት የሌላት አልሆንም?»

ይህን ሲሉ ነቀፋ በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም። በእውነት የሚጠይቁኝ ነበር የሚመስሉት።

ከራሴ መሬት በልኳ ወንዝ ዳር ልስጥዎት አልኳቸው። በዚህ ዓይኔ ነጭ ሽንኩርት ልትከል? ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ስለ ቁራጯ ምንም ሳይናገሩ ልጁ ንስሐ ገባ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልገባም አልኩ። ምስሩን ከጭናቸው አውርደው አለቀሱ። ያን ሁሉ ዘመን ለራሳቸው ሲያለቅሱ አላየኋቸውም፤ ለእኔ ልጅ ነው ያለቀሱት።

ልሰናበታቸው ስነሣ እጄን ያዙኝ።

«ያን ቀን ጆሮዬን የሸፈንኩት እንዳልሰማው ነው። ነገ በሰማይ ቤት ሰምተሻል ወይ ብባል አልሰማሁም እንድል። እርስዎ ግን አጠገቡ ነበሩ።»

በሚኒባስ ስመለስ ከአጠገቤ የተቀመጠ ሰው ያነጋግረኝ ነበር። ምን እንዳለኝ አላውቅም።

አሁን እንዲህ ነኝ። ከሽማግሌነቱ ወጥቻለሁ። ምክንያቱን ለሚጠይቀኝ ዕድሜ ነው እላለሁ፤ ይህም ሌላ ውሸት ነው። ቤተ ክርስቲያን የምገባው በምሥራቁ በር በኩል ዞሬ ነው። ልጄ ግን በዚያው በማለበት በር ይገባል። ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ሲደርስ በሩን ያሳልመዋል። ሰው አይቶ «የአያ ጓዴ ዘር» ይላል። በአገሩ ከመጣው መዝረፍና መገዳደል ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ዘራፊው ቢያንስ የማን ሥራ እንደሚሠራ ይታወቃል። እኛ ግን በሩን እየሳምን ነው።

ሃይማኖት ከሌለ ምግባር የለም የሚለውን ዛሬም አምናለሁ። እንዲያውም በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በአንዲት ሴት ላይ። ሲያገኘኝ ግን አላወቅሁትም፤ ፈሪ ብዬ አባረርኩት። ስድስት ልጆች ያሳደግሁበትን ነገር ሃይማኖት እለው ነበር። ምን እንደ ነበረ አሁን ስሙን አላውቀውም። አምስቱን ሌሎች ልጆቼን ማንን እንደሚፈሩ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ሽማግሌዎቹ ዝም በል ብለውኛል። ይህን የጻፍኩት ቃላቸውን አፍርሼ ነው። ወይዘሮ ያልጋነሽ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። ፈርተው ነበር የሚለው እውነት ነው፤ ከእኛ ሁሉ የፈሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የአገሬ ሰው ይህን እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ለጋዜጣ ከመላኬ በፊት ጽሑፉን ጌትነትን አስቀምጬ አነበብኩለት። ይቆጣል፣ ይነጥቀኛል፣ ወይም ያለቅሳል ብዬ ነበር። ሕፃኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ስጨርስ ትንሽ አሰበና አንድ ስህተት እንዳለበት ነገረኝ። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያን ዓመት ቁራጯ ላይ ገብስ ተዘራ ብዬ ጽፌ ነበር። ገብስ አይደለም፣ ስንዴ ነው አለኝ።

አስተካክዬዋለሁ። ሌላ ስህተት አላገኘበትም።